ለልብ በሽተኛ መርዶ አይነገርም እንላለን

(ሀዋሳ፣ በሰፈራችን እድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያወራሁት ነው። ስልክ ላይ ተቀድቶ ስለነበር ልጄ ወደ ጽሁፍ ቀየረችው፣ እኔ ደግሞ የተንዛዛውን ትንሽ ቆረጥኩ። አንዳንድ ቦታ አሁንም እንደተንዛዛ ነው፣ ይቅርታ።)

እንደምን አደራችሁ። ሊቀመንበራችን ሃያ ደቂቃ ነው የሰጡኝ፣ ከዛ በኋላ የወንበሮቹ ጉዳይ አለ፣ ባለፈው ወር የጠፉት ስድስቱ ማለት ነው፣ እሱ ከኔ ወሬ የበለጠ እንደሚያሟሙቃችሁ አውቃለሁ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ ነርስ ነኝ እንጂ ሀኪም አይደለሁም። ስኳር፣ ግፊትና ልብ ያለባቸው ሰዎች ለቀጠሮ የሚመጡበት ክፍል ነው የምሰራው። ቀኑን ሙሉ ግፊት ስለካ፣ ኪሎ ስመዝን፣ ካርድ ስፈልግ ነው የምውለው። ዛሬ የማወራው ስለ ልብ ህመምና ስለ ድባቴ ነው፣ ሁለቱ እንዴት አንዱ አንዱን እንደሚጠራው።

ድባቴ ስል ደበረኝ ማለቴ አይደለም። እኛ እኮ ዝናብ ሲዘንብ ደበረኝ እንላለን፣ ቡድናችን ሲሸነፍ ደበረኝ፣ መብራት ሲጠፋም ደበረኝ ነው፣ ቃሉን ከማርከሳችን የተነሳ በትክክል የታመመ ሰው መጥቶ ደብሮኛል ቢለን "ወጣ በልና አየር ውሰድ" ነው መልሳችን። እኔ የምለው ዲፕሬሽን የሚሉትን ነው፣ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሰውየው ላይ ተጭኖ የሚቀመጠውን፣ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ደስ ማለቱን የሚተውበትን። ሌላም ቃል አለ የሚያስቸግረኝ፣ "የልብ ድካም"። አንዱ የልብ ድካም ሲል ልቡ ደም መርጨት ሰንፎ እግሩ የሚያብጥበትን ነው፣ ሌላው ደግሞ የልብ የደም ቧንቧ ድንገት ተዘግቶ የሚወድቀውን ነው፣ ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ግን በአንድ ስም ነው የሚጠሩት። ለዛሬው ጉዳያችን ልዩነቱ ብዙ አያጣላንም ምክንያቱም ድባቴው ሁለቱም ላይ ይመጣል።

እሺ፣ ወደ ርእሴ ልግባ። ለልብ በሽተኛ መርዶ አይነገርም እንላለን አይደል? ይሄ እድር ውስጥ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ስንቴ ተማክራችሁበታል፣ "እሷ ልብ አለባት፣ ቀስ ተብሎ ይነገራት" እያላችሁ። ድንጋጤን ነው የምንፈራው። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ታሪኩ የራሴ ቤት ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እዚህ ካላችሁት የስንቱን ሱሪ አሳጥሯል። የዛሬ አስራ ሁለት አመት ገደማ አንድ ጠዋት ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፣ ወደ ግራ እጁ ወረደ፣ ላብ በላብ ሆነ፣ የልቡ የደም ቧንቧ ተዘግቶ ነው ተባለ፣ ተረፈ፣ አስራ አንድ ቀን ተኝቶ ወጣ። ልብ በሉልኝ፣ እኔ ያኔ ነርስ ከሆንኩ ስድስት አመት አልፎኛል። ቤት ስንመልሰው ምን አደረግን? ሲንጀሩን በአንሶላ ሸፈንነው። አባዬ አርፈህ ተቀመጥ፣ በቃህ፣ ልጆችህ አለንልህ አልነው። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣንለት፣ ትራስ ደረብንበት፣ ጋቢውን አለበስነው። ዜና እንዳያስደነግጠው ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ መጫወት ተከለከሉ። ጎረቤት ቡና ሲጠራ እኛ ነበርን የምንመልሰው፣ "እሱ አይችልም" እያልን፣ እሱ እኮ አጠገባችን ተቀምጧል!

ሁለት ወር ሳይሞላው ታናሽ ወንድሙ ይርጋለም ላይ አረፈ። በጣም የሚዋደዱ ወንድማማቾች ናቸው። ተሰብስበን መከርን፣ አይነገረውም ተባለ። ለቅሶ ስንሄድ ሰርግ አለ እያልን ነው፣ ስንመለስ ደግሞ እናቴ ጎረቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን አስተካክላ ነበር ወደ ቤት የምትመጣው። አባቴ "ያ ሰውዬ ምነው ድምጹ ጠፋ?" ሲል ኔትወርክ እኮ የለም እንለዋለን። ደጋግሞ ጠየቀ፣ ከዛ መጠየቁን ተወው። ተመስገን ረሳው አልን።

ሰውየው ግን እየሟሸሸ ሄደ። ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ይነሳል፣ በቃ አይተኛም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት ያያል። አሳ ጥብስ ሲባል ከሐይቅ ዳር የማይጠፋ ሰው ነበር፣ ገዝተን እናመጣለታለን፣ አንድ ሁለቴ ቆርሶ ያቆማል። "ህመሙ ነው" እንላለን። "ልብ እኮ ነው፣ ያደክማል" እንላለን። አንድ ቀን የጋውኔ ቁልፍ ተበጥሶ ምትክ ልፈልግ የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ታውቁታላችሁ የብስኩት ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ ሰፊ ቤት አንድ አለ። ከቁልፎቹ መሀል ኪኒን አለ። ትንንሽ ነጭ፣ ሮዝ፣ ግማሽ የተሰበረ። እኔ በየቀኑ በእጄ የምሰጠው ኪኒን ነው፣ ውሀውን ጠጥቶ ኪኒኑን በምላሱ ስር ይዞ ይቆይና እኔ ስወጣ እዛ ይጥለዋል። ቆጠርኩት፣ 43 ነው።

እንግዲህ ድንጋጤ ጎዳው አትሉም። ማንም አላስደነገጠውም። በጥንቃቄ፣ በፍቅር፣ ቀስ አድርገን ነው ልንጨርሰው የነበረው።

አባቶች ስለ ድንጋጤ የሚሉት ውሸት ነው ማለቴ ደግሞ አይደለም። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ 1990 ሀኪሞች አንድ ነገር ጽፈዋል፣ ከባድ ሀዘን ወይ ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ልክ የደም ቧንቧው እንደተዘጋ ሰው ደረቱን ይዞ ይመጣል፣ ኢሲጂውም፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነሳው ምርመራ ማለት ነው፣ ይረበሻል፣ ግን ቧንቧው ሲታይ ለዚያ ሁሉ የሚያበቃ መዘጋት የለም፣ የልቡ የታችኛው ክፍል ነው ተነፍቶ መኮማተር ያቃተው። ቅርጹ የነሱ አጥማጆች ኦክቶፐስ የሚይዙበትን አንገተ ጠባብ ማሰሮ ስለሚመስል በማሰሮው ስም ታኮሱቦ አሉት። እኛ ሐይቅ ኦክቶፐስ የለም፣ ኮሮሶና አምባዛ ነው ያለን፣ ስለዚህ ስሙን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ያረጡ ሴቶች ናቸው፣ ጥቂቶች ላይ አደገኛ ይሆናል፣ ብዙዎቹ ግን በሳምንታት ውስጥ ልባቸው ይመለስላቸዋል። ልብ ተሰበረ የሚለው ነገር እንግዲህ ተረት ብቻ አይደለም። የኔ ነጥብ ግን ይሄ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ነው፣ እኛ እሱን ስንጠብቅ ሌላው፣ ድምጽ የሌለው፣ በጓሮ ይገባል የሚል ነው።

ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ የልብ የደም ቧንቧ ተዘግቶባቸው ከተረፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ግድም ትክክለኛ ድባቴ ውስጥ ይገባል። ልቡ በደከመውም ሰው ላይ ቁጥሩ ከዛ አይርቅም። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ 222 ቧንቧው ተዘግቶባቸው የተረፉ ታማሚዎችን ለስድስት ወር ተከታትለው በ1993 ያወጡት ጥናት አለ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ)፣ ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች የመሞት እድላቸው ከሌሎቹ በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ይሄ እንግዲህ የልባቸውን የጉዳት መጠን ካስተካከሉ በኋላ ነው፣ ማለትም "ድሮም በጣም የታመመው ነው የከፋው" የሚለውን መልስ ቀንሰው። ከዛ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደምሮ ሲታይ ቁጥሩ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወረደ። ሁለት እጥፍም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ እኛ ክፍል ኮሌስትሮል ከፍ አለ ብለን ስንቱን ስንቆጣ። የአሜሪካ የልብ ማህበርም በ2014 ድባቴን ከደም ቧንቧ መዘጋት በኋላ ነገርን ከሚያባብሱ ምክንያቶች ጋር ይቆጠር ብሎ አውጥቷል። ወደ ኋላም ይሰራል ደግሞ፣ ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው ለረጅም ጊዜ ድባቴ ውስጥ ከኖረ በኋላ ላይ የልብ ህመም የመያዝ እድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። በ2004 የወጣው፣ 52 ሀገር ውስጥ ወደ 30 ሺህ ሰው ያካተተው ትልቁ ጥናት ስትረስንና ድባቴን ከሲጋራ፣ ከግፊት፣ ከስኳር ጋር አንድ መደብ ላይ ነው ያስቀመጣቸው።

እንዴት ነው ሀሳብ ልብ ውስጥ የሚገባው? ሀሳብ ብቻ ስላልሆነ ነው። ባጃጅ ያላችሁ ይሄን ትረዱኛላችሁ። ባጃጇን አቁማችሁ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርጋችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነዳጅ እየሰጣችሁ ብታሳድሯት ጠዋት ምን ትሆናለች? አንድ ኪሎሜትር አልሄደችም ግን ሞተሯ አልቋል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲታይ ያረፈ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለመሮጥ ወይ ለመደባደብ የሚዘጋጀው ስርአት አልጠፋም፣ የጭንቀት ሆርሞኖቹ፣ አድሬናሊኑ፣ ኮርቲዞሉ ከፍ እንዳሉ ነው፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይነሳል። ጤነኛ ልብ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰአት እኩል አይመታም፣ አየር ስናስገባ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል፣ እጃችሁን አንጓ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱና እዩት። (እዚህ ጋ ሁሉም ሰው እጁን መያዝ ጀመረ፣ ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ሊቀመንበሩ ሰአታቸውን አዩ።) ድባቴ ያለበት ልብ ላይ ይሄ መለዋወጥ ይቀንሳል፣ ደርቆ ይመታል፣ እንዲህ ያለ ልብ ደግሞ ምቱ ለመዛባት ቅርብ ነው።

ሌላው ደሙ ነው። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ቁርጥራጮች ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ተሸክመው የሚዞሩ ናቸው፣ ስለ ድባቴ ሲወራ ስሙ የሚነሳው እሱው ሴሮቶኒን። ድባቴ ውስጥ ፕሌትሌቶቹ ቶሎ ይጣበቃሉ። እኛ ታማሚው ደሙ እንዳይረጋ አስፕሪን እንሰጣለን፣ ድባቴው ደግሞ በሌላ በኩል ያጣብቃል። ከዛ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨስ ብግነት፣ የውስጥ መቆጣት ማለት ነው፣ አለ፣ እሱም የቧንቧውን ግድግዳ ይጎዳል። እነዚህን ብዙም አላብራራም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ በአይኔ የማየው ዋናው መንገድ ያ ቆርቆሮ ነው። የተከፋ ሰው ኪኒኑን አይውጥም፣ አይራመድም፣ ያቆመውን ሲጋራ ይጀምራል፣ ቀጠሮ ይቀራል። ቀጠሮ ሲቀር እኛ ካርዱ ላይ "ጠፍቷል" ብለን እንጽፋለን። ጠፍቷል! ቃሉን አሁን አሁን ሳስበው ልክ ነው።

ልብ በሽተኛ ስል ሽማግሌ ብቻ አይታያችሁ። እኛ ሀገር የልብ በሽተኛ ስትሉ የሃያ አመት ልጅም ናት፣ በልጅነቷ ቶንሲል ተደጋግሞባት የልቧ በር፣ ቫልቯ የተበላሸ፣ በየሶስት አራት ሳምንቱ መርፌ የምትወጋ። እርጉዝ መሆን ያሰጋሻል ተብላለች፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፣ እኩዮቿ ሲዳሩ ታያለች። እሷን ማን ጠየቃት?

መጠየቁ ቀላል ነው እኮ። ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የመስራት ፍላጎትሽ ወይ ደስታሽ ቀንሷል? ሁለተኛ፣ የመከፋት፣ የመደበት፣ ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረብሽ? በአብዛኛው ቀን ነው ካለች የድባቴውን ክብደት ወደሚለካው የዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ይኬዳል፣ እሱም በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። መጀመሪያውን ጥያቄ የምወደው ለምን መሰላችሁ፣ ልቡ የደከመ ሰው እኮ ያለ ድባቴም ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ በነዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። ግን ልቡ የደከመ ሰው የልጅ ልጁ ስትመጣ ፊቱ ይበራል። ፊቱ ካልበራ ያ ከልብ ጡንቻ አይደለም። "መሞት ነበር የሚሻለኝ" ካለ ደግሞ አይ አትበል እንዲህ ብላችሁ አፉን አትዝጉት፣ በግልጽ ጠይቁት፣ መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣበትም፣ ብቻውን አትተዉት፣ የዛኑ ቀን ይዛችሁት ኑ።

የተገላቢጦሹንም ልበል። አንዲት ጎረቤቴ ደረቴን ጨነቀኝ፣ አላስተነፍስ አለኝ ብላ አንድ ቦታ ሄዳ "ጭንቀት ነው" ተብላ ተመለሰች፣ በሶስተኛው ቀን ነው ልቧ መሆኑ የታወቀው። ጭንቀት የሚባለው ኢሲጂ ከተነሳ በኋላ ነው፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ የሴቶች ህመም ሁሌ ወደ ግራ እጅ አይወርድም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ መንጋጋ ሊሆን ይችላል።

መድሀኒትስ? አለ። ሰርትራሊን የሚባለው በ2002 ልባቸው ገና በታመመ 369 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ልብን እንደማይጎዳ ታይቷል። አሚትሪፕትሊን የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ፣ ለነርቭ ህመምና ለእንቅልፍ ስለሚታዘዝ ብዙ ቤት አለ፣ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፣ የልብ ህመም ያለበት ሰው ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጠው አይደለም። ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን የሚወስድም ሰው የድባቴ ኪኒን ሲጀምር ለሀኪሙ ይንገር፣ መድማት ይጨምራል። የሚጀምረውም የሚያቆመውም ሀኪም ነው፣ ውጤቱም በሶስተኛው ቀን አይመጣም፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ብዙ ሰው በአስረኛው ቀን "አልሰራም" ብሎ ይጥለዋል።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ድባቴን ማከም እድሜ ይጨምራል ወይ? አሜሪካ 2,481 ሰዎች ላይ በምክክር ህክምና ሞክረው በ2003 አወጡ፣ ስሜታቸው ተሻለ፣ ሞት ግን አልቀነሰም። ኮሪያ ደግሞ 300 ሰዎች ላይ በኪኒን ሞክረው ስምንት አመት ገደማ ተከታትለው በ2018 ሲያወጡ ከባድ የልብ ችግር በመጠኑ ቀንሷል። ስለዚህ "ይህን ዋጥ፣ ረጅም ትኖራለህ" አልልም፣ እንደዛ የሚል ሰው ካለ ሊሸጥላችሁ ነው። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰአት አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ የሚቀር ከሆነ ያ በራሱ አይበቃም? እኔ ይበቃል ባይ ነኝ።

አባቴን አንድ ወጣት ሀኪም ነው የጠየቀው፣ ሁለቱን ጥያቄ። እኛን አስወጥቶ። ኪኒኑንም ጀመረ፣ ግን ሀኪሙ ያዘዘው ትልቁ ነገር አንሶላውን ማንሳት ነው። "ይስፋ" አለን። ይራመድም አለ፣ መጀመሪያ አስር ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ ፍቅር ሐይቅ ዳር ደርሶ መመለስ፣ ሀዋሳ እንደሆነች ሜዳ ናት ሰበብ የላትም። የመጀመሪያው ሳምንት የሰፋው ትራስ ጨርቅ ጠማማ ነበር፣ እናቴ አሁንም አላት። ከዛ በኋላ ሶስት አመት ኖረ። የኖረው በኪኒኑ ነው አይደለም አላውቅም፣ ሶስቱን አመት ግን ሰው ነበር።

ስለዚህ እናንተን የምለምነው፣ በሽተኛ ጥየቃ ስትሄዱ አይዞህ በርታ ብላችሁ ብቻ አትውጡ። በርታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እስቲ፣ መበርታት ቢችል ምን አስተኛው? ስራ ስጡት። ቡና ጥሩት፣ ሀኪሙ ካልከለከለው አንድ ሲኒ ምንም አይለውም፣ ዋናው ወሬው ነው። የእድሩን መዝገብ ቤቱ ሆኖ ይያዝልን በሉት፣ ወንበሮቹንም እሱ ቢቆጥራቸው ኖሮ አይጠፉም ነበር።

ጥያቄ ነበር፣ ሶስቱን ብቻ ላስቀምጥ።

አንድ እናት ጠበል ያስገባሁት እንደሆነስ አሉኝ። እማማ ይሂድ፣ ጸሎት ቤትም የሚሄድ ይሂድ፣ ኪኒኑን ግን በኪሱ ይዞ። እኔ ክፍል ተባብሰው የሚመጡት ጠበል የሄዱት ሳይሆኑ ኪኒናቸውን ቤት ትተው የሄዱት ናቸው።

አንድ ወጣት ጫት ያነቃቃል፣ ድብርትን ያጠፋል አለ። ሰው ሳቀ። ለሶስት ሰአት ያጠፋል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ምርቃና የወረደ ሰው ይንገረን፣ የልብ ምትና ግፊት ግን ወዲያው ነው የሚጨምረው፣ ልቡ የታመመ ሰው ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

መጨረሻ ላይ እትዬ አንዷ፣ ከኋላ፣ "አባትህን የወንድሙን ሞት ማን ነገረው?" አሉኝ። ማንም አልነገረውም። አንድ ማታ እየሰፋ ሳለ ቀና ሳይል "አርባውን አሳልፋችሁብኛል፣ ሙት አመቱን ግን እኔም እሄዳለሁ" አለን። እንዴት አወቅክ ስንለው፣ እናቴ አንድ ቀን ጎረቤት ሳትገባ ቀጥታ መጥታ ኖሯል፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች። "አርባ አመት ልብስ ስሰፋ" አለ፣ "ጥለቱ ወዴት እንደሆነ ይጠፋኛል?"